ለምትመታ ልጅ የሚሆን ጎማ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። የበደለኝም የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከራጉኤል ጀርባ በነበረው የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነው። እሱ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ስምንት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ወደ ኋላ ላይ ስለ እሱ ደግ ነገር ስናገር አንባቢ ረስታዋለች ብሎ እንዳያስብ ነው። አልረሳሁም።

በአዳራሹ ጥግ አናጢ የሠራት አንዲት የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ነበረች። እንዳትወላገድ አንዱ እግሯ ሥር የታጠፈ ካርቶን እናደርግ ነበር። እኔ በዚያች ጠረጴዛ ላይ አጥቂ ነበርኩ። ኳስ ከፍ ብላ ከመጣች አላሳልፋትም። ዝቅ ብላ ከመጣችም ከሥር ወደ ላይ ፍቄ፣ አሽከርክሬ እልካታለሁ እንጂ ዝም ብዬ አልመልሳትም። ራኬቴ ላይ የነበረው ቀይ ጎማ ከውጭ የመጣ ነው። ለውድድር ውጭ አገር ደርሶ ከተመለሰ ተጫዋች በሹራብ ለውጬ ነው ያገኘሁት። ሹራቡን ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ አንገት ያለው ነበር። ከጎማው ሥር ስፖንጅ ስላለው ኳሷ ስትነካው ጥቂት ትሰምጥና ትወነጨፋለች። ሌሎቹ ልጆች የሚጫወቱት ስፖንጅ በሌለው፣ ላዩ ጉጥጉጥ ባለ ደረቅ ጎማ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ የከፍተኛው ቡድን ምርጫ ነበር። ከፍተኛ የሚባለው ያኔ ብዙ ቀበሌዎችን በሥሩ የሚይዘው አስተዳደር ነው። ወንድሜ የቀበሌያችን ቡድን አለቃ ስለነበር ዓርብ ከሰዓት «ጠርዙ ተነስቷል፣ ላጣብቅልሽ» ብሎ ራኬቴን ወሰደው። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ሲመልስልኝ ቀዩ ጎማ የለም። በቦታው ያ ጉጥጉጥ ደረቅ ጎማ ተለጥፏል። ቀዩ እሱ ራኬት ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ ጎማዬን የት አደረጉት?» አልኩት።

«አንቺ በዚህ መልሺ» አለኝ። «ሴት ልጅ ኳስ ስትደበድብ አያምርባትም። ዝም ብለሽ መልሺ፤ እነሱ ራሳቸው ይሳሳቱልሻል።»

እነሱ አልተሳሳቱልኝም። በሁለት ጨዋታ ወጣሁ። እሱ ተመረጠ፤ ሁለት ክፍለ ሀገር ሄዶ ተጫውቶ መጣ። እኔ ራኬቱን ከአልጋ ሥር አስገባሁት፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ ታላቅ ወንድም ነውና እርስዎ ነበር የምለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ማለቱን አልተውኩም፣ ግን አንተ ማለት ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ማንም ልብ ያለው የለም። እሱ ግን ልብ ብሏል። አንድም ቀን አላረመኝም።

አሁን መርካቶ፣ ሰባተኛ ውስጥ የጫማ ሶልና የሶል ጎማ እሸጣለሁ። ሱቁ የባሌ ነበር፤ እሱ ካረፈ በኋላ የእኔ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ጎማ ስነካ ስለኖርኩ የአውራ ጣቴ ጥፍር ከሌሎቹ ወፍሯል። ጎማ ሲመጣልኝ መጀመሪያ በጥፍሬ እጫነዋለሁ። ጥፍሩ የተወው ምልክት ቶሎ ከጠፋ ጥሩ ነው። ከዚያ አጥፌ እለቀዋለሁ፤ ከዚያ አሸተዋለሁ። አመድና አሮጌ ጎማ የተቀላቀለበት ሶል ሽታው አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻ በእጄ ከፍ ዝቅ አድርጌ እመዝነዋለሁ። ከባድና ጠንካራ ከሆነ ጫማ ሠሪው ተመልሶ አይሰድበኝም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ወንድሜ ሱቄ መጣ። ከመጣ ዓመት አልፎት ነበር። እኔና እሱ ለቅሶና ሠርግ ላይ ነው የምንገናኘው፤ እዚያም ጎን ለጎን አንቀመጥም። የልጁን ልጅ አስከትሎ ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ጉልበቷ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር የተጫረ።

«ደህና ዋልሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ ጋሼ። ሶል ፈልገህ ነው?»

«ጎማ ፈልጌ ነው።»

«የምን ጎማ?»

የመለሰችልኝ ልጅቷ ናት። «የራኬት ነው እቴቴ። ፒንግ ፖንግ እጫወታለሁ'ኮ! አልሰማሽም?»

አልሰማሁም። ከዚያ ቤት ማንም አልነገረኝም። ለምን እንዳልነገሩኝ ግን ገባኝ፤ እኔ ባለሁበት ስለ ፒንግ ፖንግ እንዳይወራ የሆነ ጊዜ አንድ ሰው ነግሯቸዋል።

ልጅቷ ራኬቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ተሠርቶ ከሚሸጠው፣ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ዓይነት ነው። ጎማው ላይ አውራ ጣቴን ሳብኩት፤ እንደ መስታወት ተንሸራተተ። ሞቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የክፍለ ከተማው የታዳጊዎች ቡድን ምርጫ እንዳለና አሠልጣኟ «በዚህ ጎማ አትመጪ» እንዳለቻት ነገረችኝ። ስትናገር አንድ እግሯ ላይ ቆማ ትወዛወዛለች።

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣችሁ? የስፖርት ዕቃ የሚሸጡት እኮ ማዶ ናቸው።»

ወንድሜ ቀኝ እጁን ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ አስቀመጠው። ሌባ ጣቱ ላይ የውሃ ቋጠሮ የመሰለ ቃጠሎ አለ። «ስኳሩ ጣቶቼን አደነዘዛቸው» አለ። «ትናንት ትኩስ ብርጭቆ ይዤ አላወቅኩም፤ ልጄ ናት ጮሃ የተቀበለችኝ። ጎማ ብነካ አሁን ምኑንም አልለየውም። አንቺ ንኪልኝ።»

እጁን አየሁት። ልጅ ሆነን ገመድ ሲጠመዝዝልኝ የነበረው እጅ ነው። ወደ ልጅቷ ዞርኩና «እንዴት ነው የምትጫወቺው?» አልኳት።

«እመታለሁ» አለች። ይህን ስትል አያቷን አላየችውም።

ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተነሳሁ።

የስፖርት ዕቃ ሻጩ ሰውየ ሁሉም ሐጂ የሚሏቸው ናቸው። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው፤ ኳሶች በመረብ ታስረው ከጣሪያው ይወርዳሉ፣ ረጅም ሰው በግንባሩ እየገፋቸው ነው የሚገባው። ገና የራኬት ጎማ ስንላቸው «ለማጥቃት ነው ለመከላከል?» አሉ።

«ለሁሉም የሚሆን» አለ ወንድሜ።

«ለማጥቃት» አልኩ እኔ።

ሐጂ ሁለታችንንም አይተው ሳቁ። «ጋሼ፣ ለሁሉም የሚሆን ጎማ ከፈለጉ የመኪና ጎማ ነው» አሉት። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

ሦስት ጎማ አወጡልን። አንዱ ስፖንጁ ስስና ለስላሳ ነው። ሁለተኛው መካከለኛ። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ስፖንጁ ወፍራምና ጠንካራ፣ ላዩ ደግሞ ሙጫ የተቀባ ይመስል እጅ ይይዛል። ሐጂ ኳስ አነሱና ጎማው ላይ ጫን አድርገው ገለበጡት። ኳሷ ወደ ታች ተንጠልጥላ ትንሽ ቆየችና ወደቀች።

«አየሽ እናቴ?» አሉኝ፣ እኔ ከእሳቸው ብዙ ባልበልጥም። «ይሄ የትልልቆቹ ነው። ኳሷን አይለቅም፤ ሲለቅ ደግሞ አያድርስ ነው። ግን ክንድ ይፈልጋል። የማይመታው ሰው እጅ ላይ ጣውላ ነው።»

ጥፍሬን ጫንኩበት። ምልክቱ ወዲያው ጠፋ። አጠፍኩት፤ ተፈናጥሮ ተመለሰ። አሸተትኩት፤ ንጹሕ ጎማ ነው። ከፍ ዝቅ አደረግኩት፤ ከሦስቱም ይከብዳል። በእኔ ሥራ ይህን የመሰለ ጎማ በእጁ ገብቶለት መልሶ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ከዚያም በላይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀይ ጎማ የሚበልጥ ነገር በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ይሄ ይበዛባታል» አለ ወንድሜ። «መሃለኛው ይሻላታል። ቀስ የሚል ነው፤ ኳስ ትመልስበታለች።»

መመለስ የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ ጆሮዬ ጋለ።

«ጋሼ፣ ጣትሽን ብለህ ነው የመጣኸው። ጣቴ ይሄን ብሏል።»

«እኔ'ኮ…»

«ሐጂ፣ ይሄን ይጠቅልሉልን። ለሌላው ጎን ደግሞ ቀይ።» አንዱ ጎን ጥቁር፣ ሌላው ሌላ ቀለም ካልሆነ ዛሬ ውድድር አያስገቡም፤ ይህን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

ልጅቷ ጥቅሉን ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ትፈልገው እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም።

ጎማውን የለጠፍኩት ሱቄ ውስጥ ነው። ወንድሜ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ማስቲሽ አለሽ አይደል?» አለኝ፤ ጫማ ሠሪዎች የሚያጣብቁበትን ሽታው ኃይለኛ የሆነውን ማጣበቂያ ማለቱ ነው። «እኛ እንደምናደርገው ሁለት ጊዜ ቀብተሽ ለጥፊው። ስፖንጁ ያብጥና ኳሷ ጥይት ትሆናለች።»

«አባባ! ማስቲሽ ተከልክሏል!» አለች ልጅቷ። «ካወቁ ያባርሩኛል።»

«ማን ነው የከለከለው?»

«ዓለም!»

«ዓለም ደግሞ በማስቲሽ ምን አገባው» ብሎ አጉረመረመ። ሳላስበው ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለታችንም ተያየንና ተውነው።

ሐጂ የሰጡን ማጣበቂያ ወተት የመሰለ፣ ሽታ የሌለው ነገር ነው። ራኬቱንም ስፖንጁንም ቀባሁ፤ እስኪደርቅ ጠበቅን፤ ከዚያ አየር እንዳይገባ ከእጀታው በኩል ጀምሬ በጠርሙስ እያንከባለልኩ ለጠፍኩት። ዙሪያውን በሶል ቢላዬ ቆረጥኩት። ቢላው ሲዞር ልጅቷ ትንፋሿ ክንዴን እስኪነካኝ ድረስ ጎንበስ ብላ ታይ ነበር። አንድም ጊዜ ሳላነሳ ዞሬ ስጨርስ «ውይ እቴቴ፣ እንደ ፋብሪካ!» አለች። ልጅ የሌለኝ ሴት ነኝ። እንዲህ ቀርቦኝ እጄን ያየ ልጅ ከዚያ በፊት መቼ እንደነበረ ማስታወስ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልምምዷን ለማየት ወደ ወጣት ማዕከሉ ሄድኩ። ወንድሜም ነበር። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በመካከላችን የልጅቷን ቦርሳ አድርገን ተቀመጥን።

የመጀመሪያዋን ኳስ መታቻት፤ ከጠረጴዛው ክንድ ያህል አልፋ ግድግዳ መታች። ሁለተኛዋ መረቡ ሥር ገባች። ሦስተኛዋ ጣሪያ ደረሰች። ልጆቹ ሳቁ። «ኧረ ቀስ፣ አምፖል እንዳትሰብሪ!» አለ አንዱ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። ከዚያ እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ወጣባት። ከሩብ ሰዓት በኋላ መሳቁን ትታ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ መምታቱን ተወች። ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ፣ ራኬቱን ፊት ለፊቷ እንደ ጋሻ ይዛ፣ የመጣላትን ሁሉ በቀስታ ትገፋለች። ኳስ ከፍ ብላ ስትመጣላት እንኳ ክንዷ ይነሳና መንገድ ላይ ይቆማል።

ትመልሳለች። ያቺ ልጅ ዝም ብላ ትመልሳለች።

አሠልጣኟ ወጣት ሴት ናት፤ ፊሽካ በአንገቷ አንጠልጥላ ወደ እኛ መጣች። «ጎማውን የመረጣችሁላት እናንተ ናችሁ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«በጣም ጥሩ ጎማ ነው፣ እትዬ። ግን የትልቅ ሰው ነው። እሷ ኳሷን የምታሽከረክረው በእጅ አንጓዋ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሙሉ ትከሻ ይጠይቃታል። ትከሻው ገና የላትም። ስለዚህ ፈራችው። የፈራ ሰው አይመታም።» ልጅቷን በአገጯ አሳየችን። «አሁን ለምርጫ ብትገባ መከላከል ብቻ ነው የምትችለው። በመከላከል ደግሞ ከሷ የሚሻሉ አሉኝ።»

ወንድሜ «ብዬሽ ነበር» ቢለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቦርሳዋን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ፤ ያበጠውን ጣቱን ዚፑ ላይ አመላለሰ። እኔ ያቺን ልጅ እያየሁ ተቀምጬ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አድርጌው የማላውቀውን ስሕተት ምን ላይ እንደሠራሁት አሰብኩ። መርካቶ ውስጥ ሶል የሚገዛ ጫማ ሠሪ ናሙና ሳይወስድ አይገዛም። ቁራጩን ይዞ ይሄዳል፣ ጫማ ላይ ይመታዋል፣ አንዱን ሰው አድርጎት ሳምንት እንዲራመድበት ያደርጋል፤ ከዚያ ነው የሚመለሰው። እኔም ናሙና ሳልሰጥ ሸጬ አላውቅም፤ ሳልቀበልም ገዝቼ አላውቅም። ለዚህች ልጅ ግን በራሴ አውራ ጣት ብቻ ገዛሁላት። እግሩ የሷ ነው፣ ጫማውን የለካሁት ግን እኔ ነኝ። ወንድሜ እኔን መላሽ ያደረገኝ ደካማ ጎማ ለጥፎ ነው። እኔ እሷን መላሽ ያደረግኋት ብርቱ ጎማ ለጥፌ ነው። ልጅቷ ጋ ሲደርስ ልዩነት የለውም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ይዣት ወደ ሐጂ ሄድኩ። ወንድሜን አልጠራሁትም፤ ከልጅቷ ሰምቶ በራሱ መጣ።

«ናሙና እፈልጋለሁ ሐጂ» አልኳቸው።

«ናሙና? የራኬት ጎማ ናሙና የለውም እናቴ። አንዴ ከተለጠፈ የለጠፈው ሰው ንብረት ነው።»

«ያለ ናሙና የሚሸጥ ዕቃ መርካቶ ውስጥ የለም።»

«ኧረ ተይኝ! ባለ ሶሎች ስትባሉ…» አሉና ጢማቸውን አሻሹ። ልጅቷን አዩአት። የያዘችውን ራኬት ተቀብለው ጥቁሩን ጎማ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። «ይሄን ለዚች ክንድ! አላልኩሽም? ቆይ እስቲ።»

ከባንኮኒያቸው ሥር ወፍራም የሠርግ ፎቶ አልበም አወጡ። ፎቶ የለበትም። በየላስቲኩ ኪስ ውስጥ ከራኬት የተላጠ ጎማ ተቀምጧል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አንዱም ሰማያዊ። ትልልቆቹ ተጫዋቾች አዲስ ሲገዙ ልጠው የሚተዉላቸው ነው፤ ላስቲክ ውስጥ ከተቀመጠ እንደማይደርቅ ነገሩን። «ይሄን ለማንም አላሳይም» አሉ። «ሁሉም ሰው ሊነካካ ይመጣብኛል።»

ከሱቁ በላይ፣ በእንጨት መሰላል የሚወጣበት ዕቃ ማከማቻ አላቸው። እዚያ አንድ ጠረጴዛ ግማሹ ተዘርግቶ፣ ግማሹ እንደ ግድግዳ ቆሞ ተቀምጧል፤ ኳስ ሲመቱበት ይመልሳል። እኔና ወንድሜ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። መሰላሉን ሲወጣ ጣቶቹ አግዳሚውን መያዛቸውን ስለማያውቅ በዓይኑ እያየ ነበር የሚይዘው። ከኋላው ነበርኩ። እጄን ጀርባው ላይ አላደረግኩም፤ ግን እንዳይወድቅ ዘርግቼ ነው የወጣሁት።

ሐጂ የተለያየ ጎማ የተለጠፈባቸው ሦስት ራኬቶች ሰጧትና ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ጎን ቆሙ።

የመጀመሪያውን ሞከረች። «ይሄ ይተኛል» አለች።

«ይተኛል ማለት?» አሉ ሐጂ።

«ኳሷ ስትመጣ አይነቃም።»

ሁለተኛውን ሞከረች። «ይሄ ደግሞ ይቸኩላል። ሳልመታ ነው የሚሄደው።»

ወንድሜ ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁት። «ጋሼ፣ አፍህን» አልኩት። ዘጋው።

ሦስተኛውን ያዘች። ስፖንጁ መካከለኛ ነው፤ ከጥቁሩ ይቀጥናል፣ ይለሰልሳል፣ ላዩ ግን ይይዛል። እኔ በሱቄ ብነካው ኖሮ ወደ ጎን የምገፋው ጎማ ነው። አንድ መታች። ሁለት። ዝም ብላ አሥር ያህል መታች። ክርኗ ከጎኗ ተለቀቀ።

«ይሄ… ቆይ…» አለች። «ይሄ ያዝ ያደርግልኛል። ኳሷን ትንሽ ያዝ ያደርጋትና፣ ሂጂ ስላት ነው የምትሄደው።»

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። «ሻጭ ብትሆኚ ታዋጪኛለሽ።»

እሷ መምታቷን ቀጠለች። የእንጨቱ ወለል ከሥራችን ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሜ እሷን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ቀይ ጎማ» አለ።

አልዞርኩም።

«አልቻልኩትም። እዚያ ሄጄ የመጀመሪያውን ጨዋታ ኳሱን ሁሉ ከጠረጴዛ ውጭ ጣልኩት። አንቺ እጅ ላይ ሳየው ቀላል ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ልጬ ለሰው ሰጠሁት።»

«ለማን ሰጠኸው?»

አሰበ። «አላስታውስም።»

ከሠራው ሁሉ ይህ የበለጠ አናደደኝ። ሦስት ሳምንት የሠራሁበት፣ ከእጄ ያጠፋብኝ ነገር ለማን እንደተሰጠ እንኳ አያስታውስም። ልነግረው ዞርኩ። ከዚያ የጫማው ክር ተፈትቶ አየሁት። ከቤቱ ጀምሮ እንደዚያው ነው የመጣው። ሊያስረው እንደማይችልም፣ ሰው እንዲያስርለት እንደማይጠይቅም አውቃለሁ። ሶሉ በተረከዙ በኩል ወደ ውጭ ተበልቷል፤ እግሩም እየደነዘዘ ነው ማለት ነው፣ አንድ ጎን ይዞ ነው የሚረግጠው። ይህን ገና ሐኪምም አልነገረው ይሆናል። ጎንበስ ብዬ ክሩን አሰርኩለት። አጥብቄ ነው ያሰርኩት።

«አመመህ?» አልኩት።

«አይሰማኝም» አለ።

«ይሄንንም ለሐኪሙ ንገረው። እግርህንም ይዞሃል።»

«እሺ።»

ሐጂ አዲስ የሆነውን ያንኑ ዓይነት ጎማ አወጡልን። ጥቁሩን በጥንቃቄ ልጠው በአልበማቸው ኪስ ውስጥ አስገቡት። «የሚመጥነው ክንድ ሲመጣ እሰጠዋለሁ» አሉ። ልጅቷ መሰላሉን ስትወርድ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው።

የምርጫው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ልጅቷ ከሦስቱ ጨዋታ ሁለቱን አሸነፈች። የመጨረሻው ከእሷ በዕድሜም በቁመትም ከምትበልጥ ልጅ ጋር ነው፤ አምስተኛው ዙር ላይ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆኑ። ወንድሜ ጎኔ ተቀምጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «መልሺ» ይላል ለራሱ። «መልሺ ብቻ፣ ዝም ብለሽ መልሺ…» ድምፁ ለሰው የማይሰማ ይመስለዋል እንጂ ጠረጴዛው ድረስ ይሰማል። ልጅቷ ቀና ብላ ወደ እኛ አየች።

«ምቺ!» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከአርባ ዓመት በላይ አፌ ውስጥ የቆየ ቃል ነው። ክንዱ ግን የሷ ነው። አፌን ዘጋሁ፤ የወንድሜን እጅ ያዝኩና ጫን አደረግኩት። የማይሰማው መሰለኝ። ግን ዝም አለ።

ልጅቷ ኳሷን አስጀመረች። የተመለሰችላት ኳስ ከፍ ያለች አልነበረችም፤ ብትገፋት ማንም አይወቅሳትም። ከሥር ፍቃ መታቻት። ኳሷ መረቡን ነክታ ወጣች። አሥር ለዘጠኝ፤ ትልቋ መራች። በሚቀጥለው እንደገና መታች፤ ይሄኛው የጠረጴዛውን ጥግ ነክቶ አለፈ፣ ትልቋ ልጅ ራኬቷን እንኳ አላነሳችም። አሥር ለአሥር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ኳሶችም መታች፤ ሁለቱም በጣት ያህል ወጡባት።

ተሸነፈች። እጅ ተጨባብጠው መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች። ፊቷ ላብና እንባ ነበር፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።

«አባባ፣ ብመልስ አሸንፍ ነበር?»

«ምናልባት» አለ ወንድሜ።

«ግን አልመለስኩም።»

«አልመለስሽም» አለ። «ደግሞ ጥሩ ነው የመታሽው።»

ስድስት ልጅ ነበር የሚፈለገው። አሠልጣኟ ስም ስትጠራ አምስቱ አለፉ። ስድስተኛው የእሷ ነበር። ከተሸነፉት መካከል ለምን እሷን እንደመረጠች አንድ አባት ሲጠይቃት ሰማሁ። «ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆኖ ክንዷን ያላጠፈችው እሷ ብቻ ናት» አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ ቤት ምሳ ተጠርቼ ሄድኩ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በተሰበሰቡበት፣ እሱም በተቀመጠበት፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት ያደረገኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። «እውነቷን ነው» አለ ወንድሜ። ምሳዬን ጨርሼ ቤቴ ገባሁ። ማክሰኞ ዕለት ወንድሜን ለእግሩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን ልምምድ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ሱቄን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።